ቅጠሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ አንቺም አብረሽው ውረጂ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ነርስ ነኝ። በዚህ መጸው፣ ከኦክቶበር 22 እስከ ኖቬምበር 3፣ ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን ጃፓን መሄድ አስቤያለሁ። ትልልቆቹን ከተሞች ሳይሆን በተራራ መሃል ያሉትን ትናንሽ ከተሞችና መንደሮች ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን ማየት ነው ምኞቴ። ዝርዝሬ ይሄ ነው፦ ታካያማ፣ ሺራካዋጎ፣ ካሚኮቺ፣ ማጎሜ፣ ትሱማጎ፣ ናራይ፣ ጊንዛን ኦንሰን፣ ኢያ ሸለቆ፣ በመጨረሻ ኪዮቶ። ቋንቋውን አልችልም፤ መኪናም አልነዳም። የጽጌን ጾም እጾማለሁ። እናቴ ደግሞ ‹ብቻሽን ጫካ ለጫካ!› እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ይቻላል ይላሉ?»

መልስ፦ ይቻላል እህቴ፤ በደንብ ይቻላል። የሚያሰጋኝ ብቻሽን መሆንሽ ሳይሆን የዝርዝሩ ብዛት ነው። ጊንዛን ኦንሰን ያለው ሰሜን፣ ያማጋታ ውስጥ ነው። ኢያ ሸለቆ ደግሞ ሺኮኩ በምትባለው ደሴት ላይ ነው። ሁለቱም ድንቅ ቦታዎች ናቸው። ግን ደርሶ መልሱ ብቻ ቀኖችሽን ይበላዋል። ኪዮቶ በአንቺ ቀናት ገና አረንጓዴ ናት፤ እዚያ ቅጠሉ የሚደምቀው በኖቬምበር ሁለተኛ አጋማሽ፣ ይበልጡን ወደ መጨረሻው ነው። ስለዚህ ሦስቱን ሰርዣቸው። ለሌላ ጊዜ ይቆዩሽ።

የቀሩት ስድስቱ ናጋኖና ጊፉ በሚባሉ ሁለት አጎራባች ክፍለ ሀገሮች ውስጥ ናቸው። እኔም የምኖረውና የምሠራው እዚሁ ነው፤ ሥራዬ እግረኛ ተጓዦችን ማስጎብኘት ነው። ከዚህ በታች ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። የአውቶቡስ ሰሌዳ ላይ 17፡00 የሚለው የእኛ 11 ሰዓት መሆኑን ልብ በይ።

ብዙ ሰው ይህን አካባቢ ሲያቅድ ካርታ ዘርግቶ ቅርብ የሆነውን ከቅርቡ ጋር ያገናኛል። ከናጎያ ከተማ ተነስቶ መጀመሪያ ማጎሜና ትሱማጎ፣ ከዚያ ታካያማ፣ መጨረሻ ካሚኮቺ ይሄዳል። ለመጸው ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ቅጠል የሚቀላው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ከተራራው አናት ይጀምርና ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ደጋና ቆላ በግማሽ ቀን መንገድ የሚለያዩበት አገር ልጅ ስለሆንሽ ይሄ አይጠፋሽም። ካሚኮቺ 1,500 ሜትር ላይ ነው። ታካያማ 600 ሜትር አይሞላም። ሺራካዋጎ 500 ሜትር ገደማ ነው። ትሱማጎ ከ400 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። በኦክቶበር መጨረሻ ካሚኮቺ ወርቅ ለብሶ ይጠብቅሻል። ታካያማ ስትደርሺ እዚያ እየደመቀ ነው። ኖቬምበር ሲገባ ማጎሜ፣ ትሱማጎና ናራይ ያሉበት የኪሶ ሸለቆ ተራውን ይጀምራል። ከላይ ጀምረሽ ከወረድሽ ቀለሙ ከእጅሽ አያመልጥም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የ2023፣ የ2024 እና የ2025 ክረምቶች (የእነሱ በጋ ማለቴ ነው) ጃፓን ውስጥ ከተመዘገቡት ሁሉ በሙቀት ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ሙቀቱ ሲረዝም ቅጠሉም ይዘገያል። ኪሶ ስትደርሺ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ብታገኚው አትዘኚ፤ መንደሩ ያለ ቀይ ቅጠልም ውብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ትወስጃለሽ ብባል ይሄን እመርጣለሁ፦ መንደሮቹ ውስጥ እደሪ። ሺራካዋጎም ትሱማጎም ቀን ላይ የሚመጣባቸው ሰው ብዙ ነው። አውቶቡሶቹ ከጠዋቱ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ሱቆቹ በራቸውን ይዘጋሉ፣ ሽማግሌዎች ውሻቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ከየቤቱ የእንጨት ጭስ ይሸታል። የመጣሽበት መንደር ያ ነው። ስድስት ቦታ በየቀኑ እየረገጡ ከማለፍ አራት ቦታ አድሮ መነሳት ይሻላል። ለብቻዋ ለምትሄድ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ የቤቱ ባለቤት ስምሽን ያውቃል፣ እራት ላይ ሰው ታገኛለሽ፣ ጠዋት ወዴት እንደምትሄጂ የሚጠይቅሽ አለ።

መንገዱን እንዲህ አደርገው ነበር። ቶኪዮ አንድ ሌሊት እረፊ። ትልቁን ሻንጣሽን ከሆቴሉ በቀጥታ ወደ ታካያማ ሆቴልሽ ላኪው። ታኩሀይቢን ይባላል፤ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ፎርሙን ይሞላልሻል፣ ክፍያው ጥቂት ሺህ የን ነው፣ ሻንጣው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይደርሳል። አንቺ የሁለትና የሦስት ቀን ልብስ በትከሻ ቦርሳ ይዘሽ ትሄጃለሽ። በእነዚህ መንደሮች ድንጋይ ንጣፍ ላይ ሻንጣ እየጎተቱ መሄድ ስቃይ ነው።

ከቶኪዮ ሺንጁኩ ጣቢያ አዙሳ የሚባለው ፈጣን ባቡር በሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ማትሱሞቶ ያደርስሻል። የከተማዋ ጥቁር ግንብ በ1590ዎቹ የተሠራ ነው፤ ከጣቢያው በእግር ትደርሺበታለሽ። እዚያ አድረሽ በጠዋት ወደ ካሚኮቺ ተነሺ። መጀመሪያ ሺንሺማሺማ ድረስ ግማሽ ሰዓት ትንሿን ባቡር፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ አውቶቡስ። የግል መኪና አይገባበትም፤ ስለዚህ አለመንዳትሽ እዚህ ምንም አያጎድልሽም።

ካሚኮቺ ከተማ አይደለም። በሦስት ሺህ ሜትር ተራሮች የታጠረ የወንዝ ሸለቆ ነው። ከኖቬምበር 15 በኋላ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ ስለሚዘጋ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው የምትደርሺው። ከዋናው ጣቢያ ቀደም ብለሽ ታይሾ ኩሬ ላይ ውረጂ። ይህ ኩሬ የተፈጠረው በ1915 ያኬዳኬ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአዙሳን ወንዝ ሲገድበው ነው። ከዚያ እስከ ካፓ ድልድይ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በሜዳ መንገድ ትሄጃለሽ። አቅም ካለሽ እስከ ምዮጂን ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሪበት። በዚህ ወቅት የሚያበራው ካራማትሱ የሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ ነው። ጥድ መሰል ይሁን እንጂ መርፌ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቢጫ ዝናብ ይመስላል። ጦጣዎች በመንገዱ ላይ ያልፋሉ። አትመግቢያቸው፣ ዓይን ዓይናቸውንም አትዪ፤ መንገድ ሰጥተሽ እለፊ። ሸለቆው ውስጥ ያሉት ማደሪያዎች ውድ ናቸው። ኪስሽ ካልፈቀደ በግማሽ ሰዓት አውቶቡስ ወደ ሂራዩ ኦንሰን ወርደሽ እዚያ እደሪ። የፍል ውኃ መንደር ነው፤ ከቀኑ ብርድ በኋላ ሰውነትሽ ያመሰግንሻል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል የእውነት ወፍራም ልብስ ያዢ።

ከሂራዩ ታካያማ አንድ ሰዓት ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት ይበቃሻል። የታወቀው የመጸው በዓል ኦክቶበር 9 እና 10 ስለሆነ ያልፍሻል። በእኔ አስተያየት ይህ ለብቻሽ ለምትሄጂው ጥሩ ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ማደሪያ ማግኘት ጭንቅ ነው። ሳንማቺ የሚባሉትን የድሮ የነጋዴ መንገዶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ሂጂባቸው። ከዚያ የወንዙ ዳር የጠዋት ገበያ ይቆምልሻል፤ ገበሬ እናቶች ያመረቱትን ፖም፣ ዱባና ኮምጣጣ አትክልት ይሸጣሉ። ከተማዋ ከ1692 ጀምሮ በቀጥታ በሾጉኑ፣ ማለትም አገሩን ይገዛ በነበረው የጦር አለቃ፣ መንግሥት ስር ነበረች፤ የአስተዳደሩ ግቢ ታካያማ ጂንያ ዛሬም ቆሟል፣ ገብተሽ እዪው። ሂዳ የሚባለው የዚህ አካባቢ አናጺዎች ግን ታሪካቸው ከዚያ እጅግ የቆየ ነው። በጥንት ጊዜ ግብራቸውን ወደ ዋና ከተማው ሄደው በእጃቸው ሙያ ነበር የሚከፍሉት። ቤቶቹን ስታዪ የምሰሶና የወራጁን አገጣጠም ልብ ብለሽ ተመልከቺ።

ሺራካዋጎ ከታካያማ በአውቶቡስ 50 ደቂቃ ነው። አንዳንዶቹ አውቶቡሶች ቀድሞ ቦታ መያዝ ይጠይቃሉ። የቤቶቹ የሳር ክዳን እስከ 60 ዲግሪ የሾለው ለበረዶው ተብሎ ነው፤ የበረዶው ወራት እዚህ ከባድ ነው። ከላይ ያለው ሰፊ ቆጥ የሐር ትል ይረባበት ነበር። ጣሪያው ሲያረጅ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ በደቦ ይከድነዋል። ወራጆቹ በገመድና በለጋ እንጨት ነው የሚታሰሩት፣ ምስማር የለበትም። እታች ምድጃው ሲነድ ጭሱ ወደ ላይ እየወጣ ሳሩንና ገመዱን ከነፍሳትና ከእርጥበት ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ሰው የማይኖርበት ቤት ቶሎ የሚያረጀው። በ1995 ከጎረቤቶቹ ከጎካያማ መንደሮች ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚህ ማደሪያ ካጣሽ ጎካያማ ውስጥ አይኖኩራን ሞክሪ። ያነሰች ናት፣ ሰው ይቀንስባታል፤ እኔ እንዲያውም እሷን አስበልጣለሁ። አንድ ነገር አደራ፦ እነዚህ የሰው ቤቶች ናቸው። በር ክፍት ስለሆነ ብቻ አይገባም፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ፎቶ አይነሳም። መንደሩ ውስጥ እሳት እጅግ ይፈራል፤ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ሲጋራ ክልክል ነው።

ሻንጣሽን ከታካያማ ወደ ናጎያ ሆቴልሽ አሻግሪውና ከሺራካዋጎ በናጎያ በኩል ወደ ኪሶ ሸለቆ ሂጂ። በቀጥታ ወደ ናጎያ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ከናጎያ ሺናኖ የሚባለው ባቡር በ50 ደቂቃ ገደማ ናካትሱጋዋ ያወርድሻል፤ ከዚያ አውቶቡስ ወደ ማጎሜ።

ስለ ኪሶ ትንሽ ልቆይብሽ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ናካሴንዶ የሚባለው የድሮ መንገድ ኤዶን፣ የዛሬዋን ቶኪዮ ማለት ነው፣ በተራራው በኩል ከኪዮቶ ያገናኝ ነበር። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመሃሉ 69 የማረፊያ ከተሞች ነበሩ፤ 11ዱ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ሹማምንት፣ ነጋዴዎች፣ ተሳላሚዎች ሁሉ በእግር ነበር የሚያልፉት። ባቡርና አውራ ጎዳና ሲመጡ ትሱማጎን ወደ ጎን ትተዋት ሄዱ፣ መንደሯም ደኸየች። ግን ቤቶቿ ሳይነኩ የቀሩት በዚያው ምክንያት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ነዋሪዎቹ እድሳቱን ጀመሩ፣ ከዚያም ቤታቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ ተስማሙ። በ1976 መንግሥት በጥበቃ ስር ካዋላቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዷ ሆነች። ዛሬም ቀን ላይ ዋናው መንገድ ለመኪና ዝግ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም ዓይንሽ ላይ አይገባም።

ከማጎሜ ወደ ትሱማጎ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳትቸኩዪ ሦስት ሰዓት መድቢ። አቅጣጫውን አትቀይሪ፤ ማጎሜ ከፍ ያለች ስለሆነች ዳገቱ አጭር ይሆንልሻል። ወደ 800 ሜትር የሚጠጋውን መተላለፊያ ካለፍሽ በኋላ ቁልቁል ነው። ቦርሳሽ ከከበደሽ የማጎሜ የቱሪስት ቢሮ በጠዋት ተቀብሎ ትሱማጎ ያደርስልሻል፤ ይህ አገልግሎት እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ድረስ ይሠራል። መሃል መንገድ ላይ አሮጌ ሻይ ቤት አለ፤ በጎ ፈቃደኞች በምድጃ የፈላ ሻይ ለመንገደኛ ያቀርባሉ። ክፍያ የለውም፤ ሳጥን ውስጥ የቻልሽውን ጣል አድርጊ። እዚያ ቁጭ በይና እግርሽን አሳርፊ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታያቸው ረጃጅም ዛፎች መሃል ሂኖኪ አለ። በድሮው ሕግ ይህን ዛፍ ያለ ፈቃድ የቆረጠ አንገቱ ይቆረጥ ነበር። «አንድ ዛፍ፣ አንድ ራስ» ይሉታል። በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ የሚገነባው የኢሴ ታላቅ መቅደስ ዛሬም እንጨቱን የሚያገኘው በዋነኝነት ከኪሶ ነው። ትሱማጎ ውስጥ ኦኩያ የሚባለውን ቤት ግቢና እዪ። እገዳው ከተነሳ በኋላ በ1877 በሂኖኪ የተሠራ ነው። በመስኮቱ የሚገባው የመጸው ብርሃን ከምድጃው ጭስ ጋር ሲገናኝ ዝም ብሎ የሚያስቀምጥ ነገር ነው።

ትሱማጎ ካደርሽ በኋላ በናጊሶ ጣቢያ በኩል ወደ ናራይ ውጪ። የአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የእንጨት ቤቶች መንደር ናት፣ ጣቢያውም በሯ ላይ ነው። እዚህ ባቡር አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ስትወርጂ የመመለሻውን ሰሌዳ ፎቶ አንሺ።

ማደሪያ። ሚንሹኩ ማለት ቤተሰብ በቤቱ የሚያስተናግድበት ነው። ሪዮካን ከፍ ያለው ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሪዮካኖች በመጸው፣ በተለይ ቅዳሜ፣ አንድ ሰው ብቻውን አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ፣ ወይም ዋጋ ይጨምራሉ። ጥላቻ አይደለም፤ ክፍሉ የተሰላው ለሁለት ሰው ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቅዳሜሽን ማትሱሞቶ ወይም ታካያማ ባለ ተራ ሆቴል አድርጊው፣ መንደሮቹን በሥራ ቀን። ኖቬምበር 3 ብሔራዊ በዓል ነው፤ በዙሪያው ያሉት ቀናት ቶሎ ይሞላሉ።

ሚንሹኩ ውስጥ እራት ምሽት 12 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሰዓት ነው። ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ድረሺ፤ ከዘገየሽ ደውዪ፣ ካልሆነ ይጨነቃሉ። ገንዳው አንድ ነው፣ በተራ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ ተቀምጠሽ በሳሙና ትታጠቢያለሽ፣ ከዚያ ንጹሕ ሆነሽ ትገቢያለሽ። ስትወጪ ውኃውን አታፍሺው! ከአንቺ በኋላ የሚገባ አለ፤ ክዳኑን መልሺበት። በሕዝብ ፍል ውኃዎች ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ ያለ ልብስ ነው። ሹሩባ ከተሠራሽ ውኃው እንዳይነካው ከላይ እሰሪው። ንቅሳት ካለሽ፣ የመስቀል ንቅሳትም ቢሆን፣ ብዙ ቦታ አይፈቀድም። ቀድመሽ ጠይቂ፤ ለብቻ የሚከራይ ገንዳ ያላቸው ብዙ ናቸው።

አሁን ስለ ጾሙ። ቀኖችሽ በሙሉ የጽጌ ውስጥ ናቸው። ጃፓን ውስጥ ሥጋ ማስቀረት ቀላል ነው። ከባዱ ዳሺ ነው። ዳሺ ማለት ሾርባውና ማጥቀሻው ሁሉ የሚሠራበት ውኃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። አትክልት ብቻ የሚመስል ሳህን ውስጥ ዓሣ አለ ማለት ነው። ዓሣ የምትበዪ ከሆነ ችግርሽ በግማሽ ይቀላል። የማትበዪ ከሆነ ገና ቦታ ስትይዢ ጻፊላቸው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ ዳሺ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም፤ ኮምቡ ከሚባለው የባሕር ቅጠል የተሠራ ዳሺ ይስማማኛል። ደርሰሽ አትንገሪያቸው። እራቱ ከቀን ጀምሮ ነው የሚዘጋጀው፣ አስተናጋጇም ባዶ ሳህን ማቅረብ ያሳፍራታል። አንዳንዱ ቤት አንችልም ይልሻል፤ ያን ጊዜ ያለ እራት ያዢና ምግብሽን ይዘሽ ግቢ። መንደር ውስጥ ማታ ክፍት ምግብ ቤት አገኛለሁ ብለሽ አታስቢ።

የሚበላ ግን ሞልቷል። በዚህ ወቅት አዲሱ ሶባ ይደርሳል፤ ኑድሉን ያለ ማጥቀሻው በጨው ወይም በንጹሕ አኩሪ አተር ሶስ ብዪው፣ እዚህ ያውቁታል። በናካትሱጋዋ ኩሪኪንቶን የሚባለው የቼስትነት ጣፋጭ በመጸው ነው የሚወጣው፤ ቼስትነትና ስኳር ብቻ ነው። ጎሄይ ሞቺ በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ሩዝ ነው፣ በዎልነት፣ በሰሊጥና በአኩሪ አተር ይቀባል። ትኩስ ስኳር ድንች፣ የናጋኖ ፖም፣ ቶፉ፣ እንጉዳይ አለልሽ። ቴምፑራ ሊጡ እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቂ። ጾሙ ባይኖር እንኳ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ናጋኖ ውስጥ የፈረስ ሥጋ በጥሬው ይቀርባል፣ የከብት ጥሬ ሥጋም ይመስላል። ሳይጠይቁ መጉረስ አይሆንም። ሙስሊም ለሆኑ አንባቢዎች ደግሞ፣ ብዙ ወጥ ውስጥ ሚሪንና ሳኬ፣ ማለትም አልኮል፣ እንደሚገባ እወቁ። ቡና ከናፈቀሽ የድሮ ቡና ቤቶች ውስጥ «ሞካ» የሚለውን ፈልጊ፤ የሲዳማም የሐረርም ቡና ብዙ ጊዜ በዚያ ስም ነው የሚሸጠው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ሰው ያጠቃታል ብላ ከሆነ የፈራችው፣ ይህ ሴት ልጅ ብቻዋን ከምትሄድባቸው አገሮች ሁሉ ረጋ ካሉት አንዱ ነው። ብቻውን የሚበላ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሰው እዚህ ማንም አይገርመውም። ጥቁር መሆንሽን ያያሉ፣ ሕጻናት ያፈጣሉ፣ አሮጊቶች ከየት እንደመጣሽ ይጠይቁሻል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ፍራፍሬ ነው።

ድብ ግን አለ። ይህን አለሳልሼ አላልፍም። በ2025 ጃፓን ውስጥ ከ10 በላይ ሰዎች በድብ ሞተዋል፣ አብዛኛው በሰሜን ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሺራካዋጎ ውስጥም አንድ ቱሪስት በድብ ቀላል ጉዳት ደርሶበታል። ምክንያቱ ከተራራው ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። የቢችና የኦክ ዛፎች ፍሬ በሚነጥፍበት ዓመት ድቡ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ደግሞ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዶ የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ካኪ የሚባለው ብርቱካናማ ፍሬ ለቃሚ አጥቶ ዛፉ ላይ ይቀራል፣ ድቡም እሱን ብሎ ደጅ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ በጠዋት ጎህና በምሽት ድንግዝግዝታ በጫካ መንገድ ብቻሽን አትሂጂ። ቃጭል ገዝተሽ ቦርሳሽ ላይ እሰሪ። የማጎሜ መንገድ ላይ በየቦታው ደወል ተሰቅሏል፤ ደውለሽ እለፊ፣ አትፈሪ፣ ሁሉም ይደውላል። ካየሽው አትሩጪ፤ ፊትሽን ወደ እሱ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ራቂ። ማደሪያሽ ጠዋት ጠዋት የመንደሩን ማስታወቂያ ያውቃል፤ ድብ ታይቷል ካሉሽ አውቶቡሱን ያዢ።

ከድቡ ይበልጥ የሚያጋጥምሽ ጨለማ ነው። ፀሐይ በዚያ ሰሞን ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ሸለቆ ውስጥ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጨልማል። የትኛውንም የእግር መንገድ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ጨርሺ። ትንሽ የእጅ ባትሪ ያዢ። እርጥብ ቅጠል የተኛበት የድንጋይ ንጣፍ ያንሸራትታል፤ በቀላሉ የሚወልቅ ግን ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጊ። በቀን ስንቴ ጫማ እንደምታወልቂ ታዪዋለሽ።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። ጥሬ የን ያዢ፤ ብዙ ሚንሹኩና የገጠር አውቶቡስ ካርድ አይቀበልም። የሰቨን ኢለቨን ኤቲኤም የውጭ ካርድ ይቀበላል፣ ግን መንደሮቹ ውስጥ የለም፤ ማትሱሞቶና ታካያማ ላይ አውጪ። በገጠር አውቶቡስ ስትገቢ ቁጥር ያለው ወረቀት ትወስጃለሽ፣ ስትወርጂ ከፊት ባለው ሰሌዳ የቁጥርሽን ዋጋ አይተሽ ትከፍያለሽ። የጄአር ፓስ የሚባለውን የባቡር ቲኬት አትግዢ። በኦክቶበር 2023 የሰባት ቀኑ 50,000 የን ገብቷል፤ የአንቺ ጉዞ ግማሹ ደግሞ በእሱ በማትሄጂባቸው አውቶቡሶች ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ካለሽ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ቪዛ ያስፈልግሻል፤ ዛሬውኑ ጀምሪ። ፓስፖርትሽን ሁልጊዜ ይዘሽ መንቀሳቀስ ሕጉ ያዝዛል።

ቦታ ስትይዢ በዚህ ቅደም ተከተል ያዢ፦ መጀመሪያ ሺራካዋጎ ወይም አይኖኩራ፣ ቤቶቹ ጥቂት ናቸውና። ቀጥሎ ትሱማጎ፣ ከዚያ ካሚኮቺ ወይም ሂራዩ። ታካያማና ማትሱሞቶ ሆቴል ሞልቷል፣ መጨረሻ ይሁኑ። የሁሉንም ስም፣ ስልክና ቀን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለእናትሽ ላኪላት። ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 119 መሆኑንም ጨምሪበት። ማታ ማታ ከማደሪያሽ ስትደውዪላት እዚያ ሜሪላንድ ገና ጠዋት ነው፤ ቡናዋን ስታፈላ ታገኛታለሽ።